ዊንጌት፣ የነፋስ መውጫው ሰውዬ

የስም ነገር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

«እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? እኔ ከፒያሳ ዊንጌት የምሠራ የታክሲ ረዳት ነኝ። በቀን ስንቴ ‹ዊንጌት› እያልኩ እንደምጮህ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ባለፈው አንድ ሽበታም ፈረንጅ ጋቢና ገባ። እኔ በሩ ላይ ሆኜ ስጣራ ሰውዬው ብቻውን ይስቃል። በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ ምን እንዳሳቀው ጠየቅኩት። ‹የእናቴ አባት ስም ነው። አገሬ እንኳ ማንም ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም፣ አንተ ግን ትጮህበታለህ› አለኝ። የጄኔራል ዊንጌት ዘመድ ነው ብዬ ሒሳብ አልተቀበልኩትም። ሾፌሩ ተቆጣኝ። ‹ዊንጌት የሚባል ሁሉ ዘመድ ከሆነ አበበ የሚባል ሁሉ የኔ ዘመድ ነዋ!› አለ። ማንኛችን ነን ልክ? ለመሆኑ ዊንጌት ማለት ምንድን ነው? የሰው ስም ነው የቦታ?»
ረዳቱ፣ ከፒያሳ

ልጄ፣ ሒሳቡን አለመቀበልህ ደስ ብሎኛል። ሾፌሩም መቆጣቱ አይፈረድበትም፣ ነዳጁን የሚሞላው እሱ ነው። ነገሩ ግን ከሁለታችሁም ጭቅጭቅ ሰፋ ይላል፣ እስቲ ቀስ ብለን እንየው።

የሰው ስም ነው የቦታ ላልከው፣ ሁለቱንም ነው። መጀመሪያ ቦታ ነበር። ቀጥሎ ሰው ሆነ። አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ተመልሶ ቦታ ሆነ።

ስሙ የተሠራው ከሁለት የድሮ እንግሊዝኛ ቃላት ነው። አንዱ «ዊንድ» ነው፣ ነፋስ። ሌላው ዛሬ «ጌት» የሚሉት ነው፣ በር። በር ሲባል የግቢ ቆርቆሮ በር እንዳይታይህ። እዚህ በር ማለት የተራራ በር ነው። በሁለት ኮረብታ መሀል ያለ ክፍተት፣ ነፋስ እየተጠራቀመ የሚያልፍበት። እኛስ ጣርማ በር እንል የለ? ወደ ወሎ ስትሄድ የሸዋ ብርድ አጥንትህን ሰርስሮ የሚገባበት ቦታ። ያ በር ምን ሳንቃ አለው?

እኔማ ይህን ስም ለመረዳት መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም። እናቴ የጋይንት ሰው ናት። ከደብረ ታቦር ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ፣ ነፋስ መውጫ የሚባል ከተማ አለ። ልጅ ሆኜ እናቴ ዘመድ ልታሳየኝ ወሰደችኝ። ከአውቶቡሱ ወርጄ ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ነጠላዬን ነፋሱ ነጠቀኝና እሾህ አጥር ላይ ሰቀለው። ላወርደው ስታገል አንድ ሽማግሌ በአጠገቤ ሲያልፉ ሳቁና «እንኳን ደህና መጣሽ፣ መውጫው ላይ ነው የቆምሽው» አሉኝ። ነጠላው ተቀደደ። እናቴ በኋላ ጠቀመችው፣ ጥቅሙ እስካሁን ይታያል። ዊንጌትን ወደ አማርኛ ተርጉሚ ብትለኝ ሌላ ቃል አልፈልግም። ነፋስ መውጫ ነው፣ ቁርጥ!

እንግሊዝ አገር ውስጥ እንዲህ ያለ ነፋስ መውጫ አንድ ብቻ አይደለም። በሰሜን ምሥራቅ፣ ደርሃም በሚባለው አውራጃ ዊንጌት የሚባል መንደር አለ። የድንጋይ ከሰል መንደር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1906 ማዕድኑ ውስጥ ፍንዳታ ደርሶ ከ20 በላይ ሠራተኞች አልቀውበታል። (ከዚህ በታች ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ ካልሆነ እነግርሃለሁ።) ከዚያ ሰሜን፣ ኖርዘምበርላንድ ውስጥ ዊንጌትስ አለ። በምዕራብ ላንካሽር ሌላ ዊንጌትስ አለ። ወደ መሀል አገር፣ ደርቢሽር ላይ ደግሞ ካስልተን ከምትባል መንደር ጥግ አንድ ገደል የመሰለ ጠባብ መተላለፊያ አለ፣ ዊናትስ ይሉታል። ግራና ቀኙ የኖራ ድንጋይ ነው፣ መሀሉን ቀጥ ያለ ቁልቁለት መንገድ ሰንጥቆት ያልፋል። ዊናትስም ያው የነፋስ በሮች ማለት ነው። የአካባቢው ሰው አፍ ላይ እየተንከባለለ አጠረ እንጂ። አንተስ ቸኮል ስትል «ውንጌት» አይደል የምትለው?

እንግዲህ ቦታው እንዴት ሰው ሆነ?

ድሮ እንግሊዞችም እንደኛ ነበሩ፣ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አልነበራቸውም። በ1066 ኖርማኖች ከፈረንሳይ መጥተው አገሩን ያዙ። መሬት የያዙት ባላባቶች ለልጅ የሚተላለፍ ስም መያዝ ጀመሩ። ከዚያ ባላገሩ ተከተለ፣ 1400 አካባቢ ሲደርስ አብዛኛው እንግሊዛዊ የቤተሰብ ስም ነበረው። አንዱ ምክንያት የስም ድርቅ ነው። ወንዱ ሁሉ ጆን፣ ዊሊያም፣ ሮበርት፣ ሪቻርድ። ከ1377 እስከ 1381 በየነፍስ ወከፉ ግብር ሲጣል ጸሐፊው መንደር ገብቶ «ጆን» ብሎ ቢጣራ ስንቱ ይመጣል? ስለዚህ ምልክት ጨመሩ። አንጥረኛ የሆነው ስሚዝ ተባለ። የዊል ልጅ ዊልሰን ተባለ። አጭሩ ሾርት ተባለ። ከሌላ ቦታ የመጣው ደግሞ በመጣበት ቦታ ተጠራ።

ይቺን የመጨረሻዋን ልብ በላት። ዊንጌት ውስጥ የሚኖር ሰው ዊንጌት አይባልም፣ ሁሉም የዚያው ሰው ነውና ምን ምልክት ይሆናል? ስሙ የሚለጠፍበት ጥሎ ሲወጣ ነው። ጎንደር ውስጥ «ጎንደሬው» የሚባል ሰው አለ? እዚህ አራዳ መጥቶ ሱቅ ሲከፍት ነው ጎንደሬው የሚሆነው። የኛ ሰፈር ወሎዬ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዋና ስማቸውን የሰማሁት ለቅሷቸው ላይ ነው። ልዩነቱ የኛ ከሰውየው ጋር ይቀበራል፣ የእንግሊዞቹ ለልጅ ልጅ ያልፋል። ስለዚህ ዊንጌት የሚባል ሰው ስታገኝ ከ600፣ ከ700 ዓመት በፊት ነፋሱ ሰልችቶት የወጣ አንድ አያት አለው ማለት ነው። (ነፋሱ ሰልችቶት የሚለው የኔ ጭማሪ ነው።)

እኛ አዲስ አበቤዎች ደግሞ ነገሩን ገልብጠነዋል። እነሱ ሰውን በቦታ ይጠሩታል፣ እኛ ቦታን በሰው። ቸርችል ጎዳና ካለው መሥሪያ ቤቴ ወደ ላይ ውጣ። ደጃች ውቤ ሰፈር። ራስ መኮንን ድልድይ። ሰው ሞቶ ሰፈር ይሆናል። ሰፈሩም ፈርሶ ስሙ ይቀራል፤ ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ ወዲህ እንኳ «ዶሮ ማነቂያ ጋ ጠብቂኝ» ያለኝ ሰው አለ። ምኑ ጋ እንደምጠብቀው እኔም አላወቅኩ፣ ግን ተገናኝተናል።

ስሙ የት የት እንደተበተነ ልንገርህ። ዊንጌት ብርቅ ስም ነው። ስሚዝ ብሪታንያ ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ይገመታል፣ ዊንጌቶች ከዚያ ጋር ሲተያዩ እፍኝ አይሞሉም። ፈረንጅህ አገሬ ሰምቼው አላውቅም ማለቱ እውነቱን ነው። ጥቂቶች ቢሆኑም ግን ቤድፎርድሽር ላይ፣ ከለንደን ትንሽ ሰሜን፣ ስም ያላቸው ዊንጌቶች ነበሩ። ከነሱ አንዱ ፍራንሲስ ዊንጌት የሰላም ዳኛ ነበር። ኅዳር 1660 ላይ ያለ ፈቃድ ትሰብካለህ ብሎ የማሰሪያ ወረቀት የጻፈበት ሰው ሰባኪና ደራሲው ጆን በንያን ነው። በንያን 12 ዓመት ታሰረ። እስረኛው በዓለም ታወቀ፣ አሳሪውን የሚያስታውሰው እንደኔ ስም የሚቆጥር ሰው ብቻ ነው።

ሌላው ቤታቸው ስኮትላንድ ነው፣ ስተርሊንግና ላናርክ አካባቢ። ላናርክሽር ላይ ዴቪድ ዊንጌት የሚባል ገጣሚ ነበር፣ በ1828 የተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነው። ከጉድጓድ ሲወጣ ግጥም ይጽፋል። የነፋስ መውጫ ስም ይዞ ነፋስ በማይገባበት መዋል! ሌሎቹ ደግሞ ባሕር ተሻግረው አሜሪካ ገቡ። ፔይን ዊንጌት የሚባለው ኒው ሃምፕሽርን ወክሎ በመጀመሪያው የአሜሪካ ሴኔት ተቀምጧል። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ዊንጌት የምትባል ከተማ አለች፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ፎርት ዊንጌት አለ። እዚያም ሰው ተመልሶ ቦታ ሆኗል፣ እኛ ብቻ አይደለንም።

አሁን ወደ አንተ ታክሲ እንምጣ። አዲስ አበባን የረገጠው የመጀመሪያው ዊንጌት የአንተ ጄኔራል አይደለም። በ1897፣ በእኛ 1889 ዓ.ም.፣ አድዋ በሆነ በዓመቱ፣ እንግሊዞች ከአጤ ምኒልክ ጋር ሊዋዋሉ መልእክተኛ ላኩ። የቡድኑ አለቃ ሬኔል ሮድ ነበር። አብረው ከመጡት መኮንኖች አንዱ ሬጂናልድ ዊንጌት ነው፣ የግብፅ ጦር የስለላ አለቃ። ስኮትላንድ፣ ፖርት ግላስጎው የተወለደ። ኋላ የሱዳን ጠቅላይ ገዥ ሆኗል። ከተማዋ ያኔ ገና የድንኳንና የጎጆ ከተማ ነበረች። ሰውዬው ዞር ዞር ብሎ ሲያያት አንድ ቀን የቤተሰቡን ስም ልጆች መንገድ ላይ ይጮሁበታል ብሎ አላሰበም።

የአንተ ጄኔራል ኦርድ ዊንጌት የዚህ ሰው የሥጋ ዘመድ ነው፤ ሬጂናልድ የኦርድ አባት የአጎት ልጅ ነው። ዘመድነት ካነሳህ እነሱ ናቸው ዘመዳሞቹ። ኦርድ የተወለደው በ1903 ሕንድ አገር ነው። ጥር 1933 ዓ.ም. ጃንሆይ ከሱዳን ድንበር ኡም ኢድላ ላይ ሲገቡ፣ ጌዲዮን የሚለውን ጦር ይዞ ከአርበኞች ጋር በጎጃም በኩል የዘመተው እሱ ነው። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሕንድ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ 1938 ዓ.ም. ግድም፣ በስሙ ተጠራ። ታላቅ ወንድሜ እዚያ አዳሪ ሆኖ ተምሯል። ቅዳሜ ሲመጣ እንግሊዝኛው ብቻ ሳይሆን ሹካ አያያዙም ተቀይሮ ነበር፣ እናቴ እንጀራ በሹካ ሊበላ ነው ብላ ደንግጣ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሰፈሩን ስም አወጣለት፣ ሰፈሩ ፌርማታውን፣ ፌርማታው አንተን። እስራኤል አገርም ኔታንያ አጠገብ በዚሁ ሰውዬ ስም የተጠራ ትልቅ የስፖርት ተቋም አለ። እዚያም «ዊንጌት ወራጅ» የሚል ሰው አይጠፋም።

ታዲያ ዊንጌቶች ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው?

ነፋስ መውጫው ብዙ ከሆነ የወጣውም ሰው ብዙ ነው። የደርሃሙ ሌላ፣ የላንካሽሩ ሌላ። በዚህ ሾፌሩ ልክ ነው። ነገር ግን የአበበ ምሳሌው አያስኬድም። አበበ ማንም ለልጁ የሚያወጣው ስም ነው፣ ዊንጌት ግን ከአባት ወደ ልጅ ብቻ የሚወርድ ነው። ስለዚህ ሁለት አበበዎች ምንም ላይገናኙ ይችላሉ፣ ሁለት ዊንጌቶች ግን የመገናኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው።

ይህ በዘር (በዲኤንኤ) ምርመራ ታይቷል። ወንድ ልጅ ዋይ የሚባለውን ክሮሞዞም የሚወርሰው ከአባቱ ነው። እንግሊዝ ስሙንም የሚወርሰው ከአባቱ ነው። ስለዚህ ስሙና ዋዩ እንደ በሬ ተጠምደው ይሄዳሉ። በ2000 ብራያን ሳይክስ የሚባል የኦክስፎርድ ሳይንቲስት በራሱ ስም ሞከረው። ሳይክስ በሰሜን እንግሊዝ አነጋገር ትንሽ ጅረት ማለት ነው። ጅረት በየሜዳው ስላለ ብዙ የማይዛመዱ ሳይክሶች ይኖራሉ ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ናሙና ሲወስድ ግማሽ የሚሆኑት አንድ ዓይነት ዋይ ተገኘባቸው፣ አንድ የሩቅ አያት ማለት ነው። ቀጥሎ በ2006 ቱሪ ኪንግና ባልደረቦቿ ብዙ ስሞችን አነጻጽረው ስሙ ብርቅ በሆነ ቁጥር ዘመድ የመሆን ዕድሉ እንደሚጨምር አሳዩ። ስሚዝና ስሚዝ ሲገናኙ ምንም ናቸው ማለት ይቻላል፣ አገሩ በሙሉ አንጥረኛ ነበረውና። ስለዚህ ሒሳቡን ያለመቀበልህ ነገር እንደ ሳይንስ ካየነው ግማሽ መንገድ ያስኬዳል። ግማሽ ሒሳብ ብትቀበል ኖሮ ሁላችንም እንስማማ ነበር።

አንድ ነገር ግን አምልጦሃል። ሰውዬው የእናቴ አባት ስም ነው ብሎህ የለ? እንግዲያው እሱ ራሱ ዊንጌት አይደለም። እናቱ ጋ ሲደርስ ስሙ ቆሟል። ስም ብርቅ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሴት ልጅ ብቻ የወለደ አባት ስሙ እሱ ጋ ያበቃል። በ1873 ፍራንሲስ ጋልተን የሚባል እንግሊዛዊ ታላላቅ ቤተሰቦች ስማቸው የሚጠፋው ለምን ይሆን ብሎ ጥያቄውን በጋዜጣ አወጣው። ሄንሪ ዋትሰን የሚባል ቄስ፣ የሒሳብ ሰው ነው፣ ተቀበለው። የደረሱበት ነገር ቀላል ነው። ማንም ምንም ሳያጠፋ፣ የሕዝቡ ቁጥር ሳይቀንስ፣ በዕድል ብቻ ስም እያለቀ ይሄዳል። በዚያው ሒሳብ ዛሬ ሌላም ብዙ ነገር ያሰሉበታል። እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር የሚታየኝ ሦስት ሴት ልጆች ያሉት ቄስ በኩራዝ ሲደምር ነው። ስንት ልጅ እንደነበረው አትጠይቀኝ፣ በሐሳቤ የሳልኩት ነው።

እግረ መንገዴን፣ ከአንድ ቦታ ብቻ የወጣ ስም ከፈለግህ ከታሪካችን ልስጥህ፣ ፕላውዴን። አጤ ቴዎድሮስን ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። ዋልተር ፕላውዴን በ1848 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ተሾመ። በ1860 ወደ ምፅዋ ሲሄድ ጎንደር አጠገብ ሽፍቶች አቁስለው ያዙት፣ በገንዘብ ተቤዥቶ ሳይውል ሳያድር ሞተ። ስሙ የመጣው ከዌልስ ድንበር፣ ሽሮፕሽር ከምትባለው አውራጃ ካለች አንዲት ትንሽ ቦታ ነው። «ፕሌጋ» ጨዋታ፣ «ዴኑ» ሸለቆ፤ ሰው ተሰብስቦ የሚጫወትበት ሸለቆ። የነሱ ጃንሜዳ በለው። ፕላውዴን የሚባል ሌላ ቦታ ስለሌለ፣ ስሙን ይዞ የተወለደ ሰው ስታገኝ ሐረጉ ወደዚያች ሸለቆ ነው የሚጎትትህ። ቤተሰቡ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ እዚያ ነው የኖረው። ለሾፌሩ ንገረው፣ ፕላውዴን የሚባል ተሳፋሪ ከመጣ ሒሳቡን ሙሉ በሙሉ ይተውለት።

«ወይዘሮ፣ መሥሪያ ቤትዎ ቸርችል ጎዳና ላይ እንደሆነ ጽፈው አንብቤያለሁ። ቸርችል ማለት ‹የቤተ ክርስቲያን ኮረብታ› ነው ብሎ ልጄ ነገረኝ። እውነት ነው?»
ጡረተኛው መምህር፣ ከአራት ኪሎ

ጋሼ፣ ልጅዎ እንግሊዝኛ ያውቃል፣ ግን ስሙ አታሎታል። እንግሊዝ ውስጥ ቸርችል የሚባሉ መንደሮች ዴቨን፣ ሶመርሴት፣ ኦክስፎርድሽር፣ ዉስተርሽር ላይ አሉ፤ የቤተሰቡ ስም የወጣው ከእንደዚህ ያለ መንደር ነው። «ቸርች» የምትለዋ ግን በብዙዎቹ ላይ ቤተ ክርስቲያን አይደለችም። እንግሊዞች ከመምጣታቸው በፊት አገሩ ላይ የነበሩት ሰዎች ኮረብታን «ክሩግ» ይሉ ነበር። እንግሊዞች መጥተው ክሩግ የቦታው ስም መሰላቸውና የራሳቸውን «ሂል» ጨመሩበት። ስለዚህ ቸርችል ማለት ኮረብታ ኮረብታ ነው።

እኔ ይህን ሳውቅ ከት ብዬ ነው የሳቅኩት። በየቀኑ ከፖስታ ቤት ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ የምወጣ ሰው ነኝ። እግሬ ከመዝገበ ቃላቱ ቀድሞ ደርሶበታል። መሀል ላይ ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ ሸንኮራ የሚሸጠው ልጅ «እማማ፣ ገና ግማሹ ነው» ይለኛል። መንገዱን በዊንስተን ቸርችል ስም የሰየሙት ሰዎች የስሙን ትርጉም ያወቁ አይመስለኝም። እንዲያው ገጠመ።

ከላይ ለረዳቱ ስለ ሴት ልጅ የነገርኩት እዚህም አለ። ታዋቂው ቸርችል በአባት በአባት ብንቆጥረው ቸርችል አይደለም፣ ስፔንሰር ነው። የመጀመሪያው የማርልቦሮ መስፍን ጆን ቸርችል ወንድ ልጅ አልተረፈለትም። ማዕረጉ በሴት ልጁ በኩል ዞሮ በ1733 ወደ ስፔንሰሮች ሄደ። በ1817 አምስተኛው መስፍን ንጉሥ አስፈቅዶ የጥንቱን ስም መልሶ ቀጠለበት፣ ስፔንሰር ቸርችል ተባሉ። ስፔንሰር ደግሞ የጌታ ቤት ስንቅ የሚያድል ሰው ነው፣ እኛ የጓዳ አዛዥ የምንለው። መቅደላ ድረስ የመጣው ናፒየርስ? የስሙ ትርጉም የገበታ ልብስ ያዥ ነው። አንዱ ጓዳ፣ አንዱ ገበታ። ድግስ ልንደግስ ምን ቀረን?

«እትዬ፣ ልጄ ውጭ አገር ልትማር ፎርም ስትሞላ ‹ላስት ኔም› የሚለው ላይ የአያቷን ስም፣ የባለቤቴን አባት አስገባን። እኔ ዋስ ሆኜ የፈረምኩበት ወረቀት ላይ ደግሞ የኔ አያት ስም ነው ያለው። አሁን እናትና ልጅ ከሆናችሁ ስማችሁ ለምን ተለያየ ብለው ጻፉልን። ምን ይሻለናል?»
እናት፣ ከካዛንቺስ

የኔ እህት፣ አትደንግጪ። እኔ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ጉዳይ ሳይመጣ የሚያልፍ ሳምንት የለም። አንድ ጊዜ ሁለት ወንድማማቾች መጥተው፣ አንዱ በአባት አንዱ በአያት ተመዝግቦ፣ «ዝምድናችሁን አስረዱ» ተብለው ነበር። መልካቸው ቁርጥ አንድ ነው። ፎቶ ብቻ ብትልኩ ይበቃ ነበር ብያቸዋለሁ።

የሚጠይቁሽ ሰዎች ክፋት የላቸውም። ለነሱ ስም የቤት ጣሪያ ነው፣ ሁሉም አንድ ጣሪያ ሥር ነው። ለኛ ስም መሰላል ነው፣ እያንዳንዱ የራሱን አባትና አያት ይዞ ይቆማል። እኛ ብቻም አይደለንም። አይስላንዶችም በአብዛኛው በአባት ስም ነው የሚጠሩት፣ የቀድሞዋ ፕሬዚዳንታቸው ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲር ናት፣ የፊንቦጊ ልጅ ማለት ነው። ሰው የሚፈልጉትም ልክ እንደኛ በራሱ ስም ነው፣ የስልክ ማውጫቸው የተደረደረው በመጠሪያ ስም ነበር። ይህን በማብራሪያ ደብዳቤሽ ላይ ባነሳው ደስ ይለኛል፣ ፈረንጅ የፈረንጅ ምሳሌ ሲያይ ቶሎ ይረጋጋል።

አድርጊ የምልሽ ይህን ነው። ፎርሙ ላይ ያለውን አትለውጪ፣ ከፓስፖርቷ ጋር ፊደል በፊደል መግጠሙን ብቻ አረጋግጪ። አንድ «ኢ» ወይም «ዋይ» ስትለያይ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የልደት የምስክር ወረቀቷን አስተርጉሚ፣ የእናት ስም የሚለው ሣጥን ላይ ያንቺ ስም ሙሉ ሆኖ እንዲወጣ። ጋብቻ ካለሽ እሱንም ጨምሪ። ከዚያ አንድ ገጽ የማብራሪያ ደብዳቤ ይጻፋል። «በኢትዮጵያ ልማድ የቤተሰብ ስም የለም፣ ከራስ ስም ቀጥሎ የአባት፣ ከዚያ የአያት ስም ይከተላል፣ ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም» የምትል ዐረፍተ ነገር ከገባችበት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። እኔ ጋ ያለችው ናሙና ብዙ ከመገልበጧ የተነሳ ጠርዟ ጠቁሯል። ማክሰኞ ከሰዓት ብትመጪ አዲስ አትሜልሽ እቆያለሁ፣ ዋናውን ወረቀት እንዳትረሺ፣ ኮፒ ላይ ማኅተም አይመታም።